ዐንተራን በደሙ አትመዝኑት

«ዐንተራ እኮ ሐበሻ ነው!» የባቡር ጣቢያው ካለበት ከመካው ሩሰይፋ እስከ ጅዳ፣ የአገራችን ሰው በተሰበሰበበት ይህ ነገር ደጋግሞ ይነሣል። የሚለውን ሰው አልወቅሰውም። ቀኑን ሙሉ በአሠሪው ፊት አንገቱን ደፍቶ የዋለ ሰው፣ ዐረቦች ራሳቸው የሚኮሩበት የጀግና እናት፣ ዘቢባ፣ ሐበሻዊት ባሪያ እንደነበረች ሲያስታውስ ቀና ይላል። የምቃወመው ጨዋታው እዚያው ላይ ማለቁን ነው። ዐንተራ ምን ተከለከለ፣ ምን መለሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደሙ ከታወቀ ሁሉም የታወቀ ይመስላል። ይህ ልማድ የጀግኖችን ተረክ ገልብጦ ማንበብ ነው።

ዐንተራ ከእስልምና በፊት የነበረ ገጣሚ ነው። ግጥሙ በካዕባ ላይ ተሰቅለው ነበር ከሚባልላቸው ከሙዐለቃት አንዱ ነው። አባቱ የዐብስ ጎሳ ሰው ሲሆን፣ ልጁን ከባሪያ ስለወለደው ልጄ አላለውም፤ ከብት ጠባቂ አደረገው። ጠላት ጎሳውን በወረረ ቀን አባት ልጁን ግባና ተዋጋ አለው። ልጁም ባሪያ ማለብና የግመል ጡት ማሰር እንጂ መዋጋት አያውቅበትም ሲል መለሰ። አባት ነጻነቱን እዚያው ሰጠው፤ ልጁም ተዋጋ። ልብ በሉ፤ ዐንተራ ሰይፍ ከማንሣቱ በፊት ዋጋውን ጠይቋል። በረሃ ላይ የሰው በግና ግመል ለሚጠብቅ፣ የሰው ቤት ለሚያጸዳ ወገናችን ከተረኩ ሁሉ የሚቀርበው ይህ ቦታ ነበር። እኛ ግን እሱን ዘልለን የእናቱን አገር እንቆጥራለን። ዐንተራን በዘሩ የሚያነሣ ሰው የዐብስ ሰዎች በመዘኑበት ሚዛን ይመዝነዋል፤ የለወጠው ፍርዱን ብቻ ነው።

ሕመሙ የኛ ብቻ አይደለም። በካውካሰስ ተራሮች ኦሴቶች፣ ቼርኬሶች፣ አብካዞች፣ ቼቼኖችና ኢንጉሾች የናርት ጀግኖችን ተረክ በየቋንቋቸው ያወጋሉ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ዱሜዚል እ.ኤ.አ. በ1930 ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበው፤ አስከር ሐዳጋትል የቼርኬሶቹን ብቻ በሰባት ቅጽ አሳተመ። ይህን በሚያህል ሀብት ላይ ግን ሲያጨቃጭቅ የኖረው ጥያቄ ናርቶች መጀመሪያ የማን ነበሩ የሚለው ነው። እስቲ ቼርኬሶች የሚተርኩትን እንስማ። ሶስሩቆ የእረኛ ዘር ካረፈበት ድንጋይ የተወለደ ነው። ናርቶች በውርጭ ሲያልቁ እሳት ያመጣላቸው እሱ ነው፤ በትውልዱ የሚንቁትም እሱኑ ነው። በመጨረሻ ዶልተው ስለት ባለው መንኰራኵር እግሩን አስቆረጡት። ናርቶች ከኛ አይደለህም ባሉት ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ ሕዝቦቹ የኛ ነው እያሉ የሚካሰሱበት!

ሌላው ጥፋት ተረክን እንደ ታሪክ መዝገብ ማንበብ ነው። የሰይፍ ቢን ዚ የዘንን ሲራ፣ ማለትም የጀግንነት ተረክ፣ የሰማ ሐበሻ ይቀየማል፤ ጠላቱ የሐበሻ ንጉሥ ነውና። ሰይፍ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱማውያንን ከየመን ለማስወጣት የተነሣ ሰው ነው። በሲራው የተሰለፈበት ንጉሥ ግን ሰይፈ አርዕድ ይባላል፤ እሱም የዐምደ ጽዮን ልጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1344 እስከ 1371 የነገሠ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያህል ልዩነት! ተራኪው የዘመኑን ፍርሃት ወደ ኋላ ወስዶ ተረከው። ደግሞ የሰይፍ እናት ራሷ የሐበሻው ንጉሥ በስጦታ የላካት ባሪያ ናት፤ ሕፃኑን በረሃ ጥላው ሚዳቋ አጠባችው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይህን ተረክ የጠራ ደም መዝሙር ነው የሚል ሰው አላነበበውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጽሑፍ ከደረሱን የአማርኛ ቅርሶች ቀዳሚዎቹ ለዐምደ ጽዮንና ለተከታዮቹ ነገሥታት የተዘፈኑ የጀግንነት ግጥሞች ናቸው፤ ኢግናጺዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳትሟቸዋል። ብዙ ቀረርቶ የተደረደረለት ካሣ ኃይሉም፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በእናቱ ኮሶ ሻጭነት የተሰደበ ሰው ነው። ፎካሪው ራሱን በአባቱ ስም ይጠራ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይጠራል። ግን የት ቦታ፣ ማንን ገጥሞ፣ ምን እንደሠራ ካልተናገረ የአባቱ ስም ብቻውን ፉከራ አይሆንለትም። አሁን አሁን ሥራው ተቆርጦ ዘሩ ብቻ ሲሸለልበት እሰማለሁ፤ ያውም ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዲነሣ። ይህ ያስፈራኛል።

በባዕድ አገር ያለ ሰው መጽናኛውን አትንጠቀው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የምለው መጽናኛው አነሰ ነው። ክፉ አሠሪ እህታችንን «ሐበሺያ» ብሎ ሲያመናጭቃት በዘር የመጣው ኩራት በዚያው በዘር ይመታል። የዐንተራ መልስ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ዐብሶች ያለ እሱ እንደማይተርፉ ያወቀው በዚያች ሰዓት ነው፤ የተናገረውም በዚያችው ሰዓት ነው። መካና ጅዳ ውስጥም ስንት ቤት ያለ ስደተኛ እጅ አያድርም፤ በሽተኛው አይታጠብም፣ ሕፃኑ አይበላም። ዐንተራን የምትወድ እህቴ ከናቱ አገር ይልቅ ይህን ብታነብለት፣ ደመወዟ በተያዘ ቀን ምን ብላ እንደምትጠይቅ ከሱ ትማራለች።