ኦፓሉን ካየን መንገዱንም እንየው

ስልካችሁ ላይ የወሎ ኦፓል ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። አንድ እጅ ድንጋዩን ብርሃን ላይ ያገላብጠዋል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ይንቦገቦጋል፤ ከሥር «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ኮሜንት ይዥጎደጎዳል። ሰዎች ያንን ድንጋይ ፍለጋ የሚወርዱበትን መንገድ የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ብዙም አያጋጥምም። ዛሬ ስለዚያ መንገድ እናውራ።

ደላንታ ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለ ደጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ስሙን በዓለም ገበያ አስጠርቶታል። ኦፓሉ ያለው ግን ሜዳ ላይ አይደለም። በገደሉ ወገብ፣ በእሳተ ገሞራ አለቶች መሃል፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ከደጋው ጫፍ ወርዶ፣ ገደሉን ታክኮ ሄዶ፣ አለቱን ሰርስሮ ነው የሚያገኘው። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ እናንተው ወጣቶች ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. እዚያው ደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ሃያ ገደማ ሰዎች ከውስጥ መቅረታቸውን ሰምተን ነበር። የቦታው አስቸጋሪነት የነፍስ አድን ሥራውን እንዳከበደውም ተነግሯል። ነጥባችን እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ማዕድን የሚወስድ መንገድ ድንጋይ ማውጫ ብቻ አይደለም፣ ሰው ማውጫም ነው። መንገዱ ካልታመነ የተጎዳ ሰው በቃሬዛ አይወጣም፣ ማሽንም አይወርድም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ መንገድ ለምን ይፈርሳል? መልሱ በአንድ ቃል ውሃ ነው። የሚገርመው ኦፓሉንም የሠራው ውሃ ነው። በጥንት ዘመን ሲሊካ ይዞ ወደ ታች ሲሰርግ፣ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሲሊካውም እዚያው ጠጠረ። ዛሬም ክረምት ሲገባ ውሃ እንደዚያው ይሰርጋል። ሸክላው ላይ ሲደርስ ይጠራቀማል፤ አፈሩ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ከዚያ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይንሸራተታል።

በአገራችን መንገድ በናዳ ሲዘጋ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶዘር ይመጣል፣ አፈሩን ጠርጎ ወደ ገደል ይደፋዋል፣ «መንገዱ ተከፍቷል» ተብሎ ፎቶ ይለጠፋል። ይሄ ግን ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ፣ የተንሸራተተው አፈር ከላይ ላለው ተዳፋት ድጋፍ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እግሩ ሲቆረጥ የላይኛው ተከትሎ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ወደ ታች የተደፋው አፈር የታችኛውን ቁልቁለት ያከብደዋል፣ ከሥር የሚያልፍ ሰው ካለም አደጋው ለእሱ ይተርፋል። ይህ ጥገና አይባልም፤ የሚቀጥለውን ናዳ ቀጠሮ መስጠት ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የአባይ በረሃ መንገድ የሄደበት ሰው ይህን ያውቃል። አስፋልቱ ተደጋግሞ ታድሷል፤ ተደጋግሞም ተሰነጣጥቋል። የሚንሸራተት መሬትን አስፋልት አይዘውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ ውሃው፦ ከተዳፋቱ አናት ላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ፣ በመንገዱ ዳር ቦይ፣ ከመንገዱ ሥር የሚያሻግር ቱቦ፤ ቱቦው የሚተፋበት ቦታ ደግሞ በድንጋይ ይነጠፍ። ቀጥሎ ተዳፋቱ፦ የተንጠለጠለ ቋጥኝ ይውረድ፣ ቁልቁለቱ በእርከን ይሰበር። ከዚያ እግሩ፦ ውሃ በሚያሳልፍ ጋቢዮን ይደገፍ። ጠጠሩ የሚለብሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መኪና በሚደርስበት ክፍል በገደሉ በኩል ቢያንስ የትልቁን መኪና ጎማ እኩሌታ የሚያህል መከለያ ያስፈልጋል።

«ገንዘቡስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን የወሎ ገበሬ ካብ መካብና እርከን መሥራት ከማንም አይማርም፤ በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የጎደለው ተዳፋቱን የሚያጠና ባለሙያ፣ የጋቢዮን ሽቦና ለተወሰኑ ቀናት የሚሠራ ማሽን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ክልሎች ከማዕድን ሥራዎች ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ ሥልጣን ሰጥቷል። ከኦፓሉ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነው፣ መጠኑ ታውቆ፣ ለመንገዱ ይመደብ። ሌላው ችግር ካላንደሩ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ያኔ ዝናቡ ገብቷል። ጨረታው ሲጓተት ደረቁ ወቅት ያልቃል፣ በወሎ ደጋ ደግሞ በልግም አለ። ሥራው ጥቅምት ላይ መጀመር ካለበት ዝግጅቱ በክረምት ይለቅ።

ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን መንገዱ መዘጋት አለበት። ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ በቀን ገቢ ለሚኖር ወጣት ግን የተዘጋ መንገድ ማለት ባዶ መሶብ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ «አትውረዱ» ማለት አይሠራም። ማኅበራቱ መውረድ በማይቻልባቸው ሳምንታት አባሎቻቸውን አደጋ በሌለበት ቦታ በክፍያ ያሠሯቸው፤ ድንጋይ ማዘጋጀት፣ ሽቦ ማሰር፣ ዝናቡ ሲያባራ ቦይ መጥረግ።

እናንተም ስልክ አላችሁ። መሬት ከመሄዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ከተዳፋቱ አናት ላይ የሚሰፋ ስንጥቅ፣ የተጋደለ ዛፍ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ። ስንጥቁን ደህና ከሆነ ርቀት፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ፣ ቀን እየጻፋችሁ አንሱት። ለወረዳው ላኩ፤ መልስ ካልመጣ ደግማችሁ ላኩ። ናዳ ከወረደ ግን ለመቅረጽም ሆነ ለመርዳት ዘላችሁ አትግቡ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጎፋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የሄዱና ሁለተኛው ናዳ ያገኛቸው ነበሩ።

ኦፓሉ ሚሊዮን ዓመታት ጠብቋል፤ አንድ ደረቅ ወቅት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። ወደ እሱ የሚወርደው ልጅ ግን በሰላም ተመልሶ መውጣት አለበት። መንገዱ ከዝናቡ በፊት ይጠገን!