ማሽኑን አትውቀሱት

የዳቦ ዋጋ ሲጨምር አገር ይጮኻል። ዳቦው ሲከሳ ግን ዝም ነው። ቢበዛ ሰልፍ ላይ "ይቺ ዳቦ ክኒን ልትሆን ምን ቀራት?" ተባብሎ፣ ተስቆ ወደ ቤት ነው። ባለዳቦ ቤቱን የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘም መልሱ የታወቀ ነው፤ "እኛ ምን እናድርግ፣ ማሽኑ ነው የሚቆርጠው!"

እስቲ ይህን ተከሳሽ ቀረብ ብለን እንየው።

በትንንሽ ዳቦ ቤቶች የሚታየው የሊጥ መቁረጫ አሠራሩ ቀላል ነው። ሊጡ ሰሃን ላይ ተደርጎ ይገባል፣ ከላይ ተጭኖ ይደፈጥጠዋል፣ ከዚያ ቢላዎቹ እኩል 30 ወይም 36 ቦታ ይከፋፍሉታል። ልብ በሉ፤ "እኩል" አልኩ እንጂ "100 ግራም" አላልኩም። 3 ኪሎ ሊጥ ከሰጡት ለ30 አካፍሎ መቶ መቶ ግራም ያወጣል። 2 ኪሎ ከ700 ከሰጡት ደግሞ ዘጠና ዘጠና። አይጠይቅም፣ አይከራከርም። ፍርዱ ያለቀው ሊጡ ሚዛን ላይ የወጣ ጊዜ ነው። ሚዛኑ ጋ የቆመው ደግሞ ሰው ነው።

በፒስተን የሚሠሩት ትልልቆቹ መቁረጫዎች ትንሽ ይለያሉ። እነሱ የሚቆርጡት በክብደት ሳይሆን በስፍር ነው። እርሾ ያለበት ሊጥ ቁጭ ባለ ቁጥር ኩፍ ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሊጡ አየር ስለሞላው በዚያው ስፍር የሚቆረጠው ይቀላል። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም፤ በየመሃሉ እየመዘኑ ማሽኑን ማስተካከል ነው።

ምድጃውም ድርሻ አለው። ሊጥ ሲጋገር ውኃው ስለሚተን ከክብደቱ ከመቶ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዳቦ ቤት "100 ግራም" ሲለን የሊጡን ነው የዳቦውን? ይህን የሚነግረን የለም።

"አሥር ግራም ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። ከእያንዳንዱ የመቶ ግራም ዳቦ አሥር አሥር ግራም ከጎደለ፣ አሥር ዳቦ የገዛች እናት አንድ ሙሉ ዳቦ ከፍላበት ሳትወስድ ሄደች ማለት ነው። ዋጋው አልጨመረም የምንለው እንግዲህ ይህንን ነው።

ባለዳቦ ቤቶቹም እውነት አላቸው። ዱቄት ይወደዳል፣ ዋጋ መጨመር ደንበኛን ያስቆጣል። መቀነስ ግድ ከሆነ ይቀነስ፤ ግን ይነገረን። ግብፅ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የድጎማ ዳቦዋን ከ110 ወደ 90 ግራም ስታወርድ በይፋ ተናግራ ነው። ሕዝቡ ቢያጉረመርምም የተቀነሰበትን ልክ ያውቃል። እኛ ግን የምናውቀው በጣታችን ጨብጠን ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከዋጋው ጎን የተጋገረው ዳቦ ግራም ይጻፍ። ገዢ የሚያየው ሚዛን መሸጫው ላይ ይቀመጥ። ተቆጣጣሪም ሲመጣ ሊጡን ሳይሆን ዳቦውን ይመዝን፤ አንድ ብቻ ሳይሆን አሥር አንስቶ።

እኛም ጥያቄያችንን እንቀይር። ነገ ዳቦ ስትገዙ "ስንት ነው?" ብላችሁ አታቁሙ። "ስንት ግራም ነው?" በሉ።