ጉም ሲወርድ መብራት ምን ይናገራል?

ባለፈው ክረምት ጥቂት ተማሪዎች ሆነን በማለዳ ከሶዶ ወደ ገሱባ ስንጓዝ ጉም መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ ረጅሙን መብራት ቢያበራ ከፊታችን ነጭ ግድግዳ የመሰለ ነገር ቆመ። ፈጥኖ ወደ አጭሩ መለሰውና «ልጆቼ፥ በጉም ጊዜ መብራት የሚያሳውረው ባለቤቱን ነው» ብሎን፥ ክላክስ እያደረገ ቀስ ብሎ ነዳ። አንድ አይሱዙ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው ዐሥር ርምጃ ያህል ሲቀረን ነበር።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። መኪናዎች በመብራታቸው መልእክት ይለዋወጡ የሚለው የጥናት ርእስ በጓደኞቻችን ዘንድ ብዙ ወዳጅ አግኝቷል። አሳቡ ያስደስታል። የኤል ኢ ዲ መብራት ዐይን በማይለየው ፍጥነት እየበራና እየጠፋ፥ ፊተኛው መኪና ፍሬን መያዙን ለኋለኛው ይነግረዋል። ላገራችን ሾፌርም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከፊት ከብት ወይም ትራፊክ መኖሩን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሲያስታውቅ ኖሯል። ግራሃም ቤልም እ.ኤ.አ. በ1880 የሰውን ድምፅ በፀሐይ ጨረር ልኮ ነበር።

ቅር የሚያሰኘን ሙከራው በተዘጋ ኮሪደር ተደርጎ «ተሳክቷል» መባሉ ነው። በኮሪደር ውስጥ ጉም የለም!

ብዙዎች የሚፈሩት ዝናብን ነው፤ ዋናው ጠላት ግን ጉም ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ የዝናብ ጠብታ 20 ማይክሮን ወደሚያህሉ የጉም ነጠብጣቦች ቢከፋፈል 1,000,000 ነጠብጣብ ይወጣዋል፤ ብርሃኑን የሚጋርደውም ስፋት 100 እጥፍ ይሆናል። በሜትሮሎጂ ሰዎች አቈጣጠር፥ ጉሙ ከ50 ሜትር በላይ አያሳይም በተባለ ጊዜ፥ ከመብራቱ በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን 50 ሜትር ላይ የሚደርሰው ከመቶ 5 እጅ ያህል ነው። 100 ሜትር ላይ ግን ከ10,000 እጅ 25ቱ ብቻ ይቀራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ደግሞ በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይደክማል ማለት ነው።

ተቀባዩ መሣሪያ ከሰው ዐይን ይልቅ ደካማ ብልጭታ ይለያል ይሉናል። እውነት ነው፥ አንክድም። ነገር ግን ያው መሣሪያ በበጋ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት ይደነግጣል፤ የመንገዱ አቧራ መስተዋቱን ሲሸፍነውስ? በ5.9 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የመኪና ሬዲዮ ግን የሞገዱ ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ጉምን ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ስለዚህ ሬዲዮው ዋና፥ መብራቱ ረዳት ይሁን እንላለን። ብርሃን የራሱ ጥቅም አለውና መጣል የለበትም፤ መልእክቱ ግድግዳ አልፎ አይሄድም፥ የሬዲዮውንም መሥመር አያጣብብም።

መምህሮቻችን ሆይ፥ ጉም ያላየ ሙከራ ሲቀርብላችሁ ባትፈርሙበት እንወዳለን። ለመለካት ሁለት መብራት፥ አንድ ተቀባይና የ100 ሜትር ገመድ ይበቃል። በክረምት ማለዳ ከሶዶ ወደ ገሱባ የሚነሣ መኪና አይታጣም፤ የፊት ወንበሩን ሒሳብ ለመሣሪያው እኛ እናዋጣለን።