ወለሉን ከመዝጋታችሁ በፊት

ወንድሞቼ፣ ይህን የምለው ለእኩዮቼ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሸጎሌ በብየዳና በባቲላሜራ ሥራ ላረጃችሁት የጉለሌ ሰዎች። ለወጣቶቹ ብዬ አይደለም። እነሱ የሚሠሩት ከእጃችን ያዩትን ነው፤ እኛ ሸፍነን ካስረከብን እነሱም ሸፍነው ያስረክባሉ። ስለዚህ እርማቱ ከእኛ መጀመር አለበት።

ነገሩ የአሮጌ አሉሚኒየም ጀልባ ጥገና ነው። የጎጃም መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ ከእንጦጦ ወዲያ ሱሉልታ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ጣና ይደርሳል። በደቡብ በኩል ዝዋይ ከከተማችን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ዓሣ አስጋሪም ሆነ መንገደኛ አመላላሽ አዲስ ጀልባ መግዛት ሲያቅተው አሮጌውን በአይሱዙ ጭኖ ብረት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እናንተም እምቢ አትሉም። የተጎዳ ላሜራ ማቅናት፣ የላላ ሪቬት መቀየር፣ ስንጥቅ በአርጎን መበየድ፣ ኮምፔርሳቶ ቆርጦ ወለል ማልበስ፣ ቀለም መርጨት ለእናንተ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጀልባው ከግቢ ሲወጣ ያብረቀርቃል። ውስጡን ለቄስ።

እኔን የሚያስፈራኝ ከወለሉ ሥርና ከመቀመጫዎቹ ውስጥ የታጨቀው ፎም ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው ብንልም ከውሃ 2.7 እጥፍ ይከብዳል። ጀልባውን የሚያንሳፍፈው ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ማዕበል ከንፈሩን አልፎ ከሞላው ግን ከነሞተሩ ይሰጥማል። ፎሙ የተቀመጠው ለዚያች ቀን ነው፤ ጀልባው ውሃ ሞልቶትም ቢሆን ከላይ እንዲቆይ፣ ሰዎቹም ጠርዙን ይዘው ደራሽ እንዲጠብቁ። አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ርዝመታቸው ከ6 ሜትር ገደማ ለሚያንሱ የሞተር ጀልባዎች ይህን በሕግ አስገድደዋል። ፋብሪካ የሠራውን ትንሽ ጀልባ ስትከፍቱ የምታገኙት ፎም የድምፅ መከላከያ ወይም የወለል መደገፊያ መስሏችሁ እንዳትንቁት።

ከላንጋኖ መጥቶ የከፈትነውን አንዱን ልንገራችሁ። ባለቤቱ ሞተሩ ደከመ ብሎ ነበር ያመጣው። የወለሉን ብሎኖች ፈትተን ኮምፔርሳቶውን ስናነሳ ፎሙ ከላይ ደረቅ ነው፤ ቢጫው ወደ ቡናማ ዞሯል እንጂ በእጅ ሲዳሰስ አቧራ ነው። ረጅም ቢላ ሰክቼ አንድ ቁራጭ እስከ ታች አወጣሁ። የታችኛው ግማሽ ጠቁሯል። ስጨምቀው ውሃው በክንዴ ላይ ወረደ፤ የከረመ ኩሬ ይሸታል። ፎሙን አንስተን ስንጨርስ ላሜራው ላይ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ አገኘን። በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ ከሥሩ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ብቅ አሉ፤ በአንዱ ላይ የካቻቢቴውን ጫፍ ብጫነው ማዶ ወጣ። በዚያ ቦታ ሐይቁን ከሰዎቹ እግር የለየው የውጭው ቀለም ብቻ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ አለባችሁ። አሉሚኒየም የሚጠበቀው ላዩ ላይ በሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ያ ሽፋን ሲጫር መልሶ የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። እርጥብ ፎም ላሜራው ላይ ሲለጠፍ ውሃውን ያቁራል፣ አየሩን ይከለክላል። ያን ጊዜ ብረቱ በየነጥቡ መበላት ይጀምራል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ደግሞ ያባብሱታል። የላንጋኖ፣ የአቢጃታ፣ የሻላ ውሃ ሶዳ አለበት፤ ሶዳ ያለበት ውሃ በአሉሚኒየም ድስት ሲያድር ድስቱን ምን እንደሚያደርገው ሚስቶቻችን ያውቃሉ። የጣና ውሃ ከዚህ የለዘበ ነው። ቢሆንም ከፎም ሥር ከታመቀ እሱም ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ መብላቱ አይቀርም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ይህን ሳያሰላ ወለል የሚዘጋ ሰው ሥራውን አልሠራም። የ4 ሜትር ተኩል ጀልባ አካሉ 150 ኪሎ፣ ሞተሩ 50 ኪሎ ነው እንበል። አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ 63 በመቶው ነው የሚቀረው። እንግዲህ አካሉ 95 ኪሎ ያህል፣ ሞተሩ 40 ያህል ወደ ታች ይጎትታሉ፤ ድምሩ 135 ነው። ፎሙ 300 ሊትር ቦታ የያዘ ቢሆን፣ ደረቅ ሳለ ራሱ 10 ኪሎ አይሞላም፤ የሚያነሳው 290 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ 135ቱ ሲቀነስ 155 ኪሎ ለሰው ይተርፋል። ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጠርዝ የያዘ ሰው ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለሚጫን ይህ ጀልባው ላይ የነበሩትን ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ያው ፎም ግማሹ ውሃ ቢጠጣስ? የሚያነሳው 140 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ለሰው የተረፈው 5 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ደንግጦ በክንዱ ሲንጠለጠልበት ጀልባው ከነሰውየው ይወርዳል።

እስከዚያች ቀን ድረስ ደግሞ ያ ጀልባ 150 ኪሎ ውሃ በሆዱ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ነዳጅ ይበላል። ከንፈሩ ወደ ውሃው ይቀርባል፤ ትንሹ ማዕበል ሁሉ ይገባበታል። ባለቤቱ ግን ሞተሩን ይከሳል።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች በዚህ ነገር ከእኛ ይበልጣሉ እላለሁ። ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ አውቀው ታንኳውን ከሐይቁ አውጥተው ያደርቁታል፤ የጠገበ ታንኳ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ከዳር የቆመ ሁሉ ያየዋል፣ ዕድሜውም ሲያልቅ ይጣላል። የእኛው ጀልባ የጠጣውን ውሃ የምንደብቀው እኛ ነን፣ በኮምፔርሳቶና በቀለም። አደጋው ደግሞ በፊት ከነበረው ርቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ ድርጅቶች በተሳተፉበት ፕሮግራም የሞተር ጀልባ ጣና ላይ ከገባ ወዲህ አስጋሪው ከዳር ርቆ መረብ መጣል ችሏል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ውሃ ነው። መሐሉ ላይ ነፋስ ተነስቶ ጀልባ ቢሞላ ከዳር ማን በቶሎ ይደርሳል? የሚይዙት ነገር እኛ የዘጋነው ወለል ሥር ያለው ብቻ ነው።

ከመካከላችሁ «ፀሐይ ላይ ጥቂት ሳምንት ይቁምና ይደርቃል» የሚል እንዳለ ሰምቻለሁ። አይደርቅም። ውሃው የገባው ዓመት ሙሉ በንዝረት በተሰባበሩ ጥቃቅን ክፍተቶች አድርጎ ነው፤ በሦስት በኩል ላሜራ ስለከበበው መውጫ የለውም። ፀሐዩ የላይኛውን ጣት ስፋት ያደርቅና እናንተንም ባለቤቱንም ያታልላል። የእኛ ሰፈር ደግሞ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳ ላይ የቆመ ጀልባ ሲጠጣ እንጂ ሲደርቅ ያየ የለም። እውነቱን ለማወቅ ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብና ከመሐል እስከ ላሜራው የሚደርስ ቁራጭ አውጡ፤ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። አንድ ሊትር የሚያህል ደረቅ ፎም 30 ግራም ገደማ ነው። 200 ወይም 300 ግራም ከመዘነ ሁሉም ይውጣ፤ ደህና የመሰለውን እየመረጡ መተው የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ስሙኝ። ፎሙ ሳይወጣ አትበይዱ። ከውጭ በኩል ያለች ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ አንድ ደቂቃ ናት አትበሉ። ፖሊዩሬቴን ፎም ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይወጣዋል፤ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ፣ ሁለቱም በጠባብ ቦታ ፈጥነው ይገድላሉ። እሳቱ ወለል ውስጥ ሳይታይ ሲጨስ ይቆያል፤ ጀልባው ውስጥ ተንበርክኮ መብራት የሚይዝላችሁ ልጅ መጀመሪያ ይስበዋል። ከነዳጅ ታንክ የፈሰሰ ቤንዚን ፎሙ ውስጥ ካለ ደግሞ የባሰ ነው። ፎም የሚወጣው በመጋዝና በመፋቂያ ነው። በእሳት አይለቅም፣ በችቦ አይጸዳም። የወጣውንም ግቢ ውስጥ አታንድዱት፤ ከአጥራችን ማዶ ሰው ይኖራል።

ባዶው ቦታ ምን ይግባበት? የፍራሽ ስፖንጅ በፍጹም አይሁን። እሱ ውሃ እንዲጠጣ የተሠራ ያህል ነው፤ «ፎም ነው ያልከኝ» ብሎ ከገበያ ይዞ ለሚመጣ ተላላኪ አስረዱት። የመስኮት ክፍተት የሚሞላው የሚረጨው ፎምም ለዚህ አይሆንም። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ነጩ ፖሊስታይሪን ይሰባበራል፣ በፍሬዎቹ መካከል ውሃ ያሳልፋል። ጠንካራው የግንባታ ፖሊስታይሪን ሰሌዳ ይሻላል፤ ነገር ግን ቤንዚን ሲነካው ይቀልጣልና ታንክና የነዳጅ ቱቦ ያሉበት አካባቢ አታስቀምጡት። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚያብጠው ፖሊዩሬቴን የፋብሪካው ዓይነት ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን በጥንቃቄ። እንፋሎቱ ሳንባ ይጎዳል፣ አንዴ ያስቆጣው ሰው ዕድሜ ልኩን አስም ሊይዘው ይችላል፤ የአቧራ ጭምብል አይበቃም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተፈሰሰ ከውስጥ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ የፊተኛው ከበረደ በኋላ ይጨመር። በቀዝቃዛና በእርጥብ ላሜራ ላይ በደንብ አያብጥም፣ አይዝም። በጉለሌ ክረምት ይህን ሥራ አትጀምሩት።

ይህ ሁሉ ካልተገኘ በደንብ የተዘጋ የሃይላንድ ጠርሙስና ትንንሽ ጀሪካን አጥብቆ ማሰር ይቻላል። እኔ በበኩሌ ከእርጥብ ፎም እሱን እመርጣለሁ። አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ፤ በየዓመቱ ተከፍቶ ሊታይም ሊቀየርም ይችላል።

ፎሙ የነበረበትን ቦታ ሳታነሱት በፊት ለኩ፣ ሥዕሉን ያዙ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ለመሥራት ይቀለናል ብላችሁ ሁሉንም ከወለል ሥር ብትከቱት ጀልባው በሞላ ቀን ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይገለበጣል፤ የተገለበጠ ጀልባ ደግሞ የሚያዝ ነገር የለውም። በጎንና በጎን፣ ከከንፈሩ ሥር ከፍ ብሎ፣ ከሞተሩም አጠገብ መኖር አለበት። ከታች ደግሞ በመሐሉ ርዝመት ውሃ የሚሄድበት መስመር ይቅር፤ ፎሙ ላሜራው ላይ አይተኛ። ለወለል በመዳብ መድኃኒት የተነከረ እንጨት አታስገቡ፣ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ አትጣሉበት፤ መዳብ በውሃ ውስጥ አሉሚኒየምን ይበላል። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እጅ የሚያስገባ፣ የሚከፈት ክዳን ይኑረው።

ስታስረክቡ ባለቤቱን ሐይቁ ዳር፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንዲሞክረው አድርጉ። ሞተሩ ወርዶ በክብደቱ ልክ የአሸዋ ጆንያ በቦታው ይታሰር፣ የማፍሰሻው ቡሽ ይነቀል፣ ጀልባው እስኪሞላ ይጠበቅ። ሞልቶም ደልደል ብሎ ከንፈሩ ከውሃ በላይ ከታየ ሥራችሁ ተሠርቷል። ኋላው ከሰጠመ ወይም ከዘመመ ይመለስ፣ እንደገና ይከፈት።

«ገንዘብ የለኝም፣ ዝም ብለህ ዝጋልኝ» የሚል ይመጣል። በቁጣ አትመልሱት፤ ልጆች የሚያሳድገው በዚያ ጀልባ ነው። ያወጣችሁትን እርጥብ ፎም በጆንያ አድርጋችሁ አሸክሙት፣ ሚዛን ላይ አውጡለት፣ ሒሳቡን እንደ ሠራነው ሥሩለት። ከክፍያችሁ የምትቀንሱለት ካለ ከቀለሙ ቀንሱለት። ያኔም እምቢ ካለ ጀልባው ወለሉ ክፍት እንደ ሆነ፣ ቀለም ሳይነካው፣ ከግቢያችሁ ይውጣ።