ጠመኔውን ማን ያንብበው?

ባለፈው ሳምንት ከእራት በኋላ በመኝታ ቤታችን እንደ ልማዳችን ክርክር ስንገጥም፥ አንድ ወንድማችን «ዘይት ዕድል ነው፤ እግዚአብሔር የሰጠው አገር ይከብራል፥ ያልሰጠው ይለምናል» ሲል ተናገረ። አብዛኛዎቻችንም በጭብጨባ ተቀበልነው። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅም አጨብጭቧል። ነገር ግን ቆይቶ ሲያስበው አነጋገሩ ለሰነፍ ተማሪ እጅግ የሚመች ሆኖ ስላገኘው ይህን ለመጻፍ ተነሣ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኖርዌይን ነገር እንመልከት። በ1958 የዚያች አገር የሥነ ምድር መሥሪያ ቤት በጠረፉ ባሕር ውስጥ ዘይት ይገኛል ብሎ ማሰብ ከንቱ መሆኑን ለመንግሥቱ በደብዳቤ ገለጠ። በ1969 መጨረሻ ፊሊፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሰሜን ባሕር ውስጥ ኤኮፊስክ የተባለውን ታላቅ የዘይት ስፍራ አገኘ። እስከዚህ ድረስ ወንድማችን እውነት አለው። ሊቃውንቱ ተሳስተዋል፥ ዕድልም ቀንቷል። ይሁን እንጂ ዘይት ማግኘትና የዘይት ስፍራ ማልማት እንደ መታጨትና እንደ ትዳር የተለያዩ ናቸው።

በኤኮፊስክ የባሕሩ ጥልቀት 70 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ባሕር ላይ የብረት እግር እስከ ወለሉ ድረስ ተክሎ በላዩ መድረክ ማቆም ይቻላል። በ1971 ሥራው የተጀመረው ለቁፋሮ በተሠራና ተለውጦ በተዘጋጀ አንድ ባለ እግር መድረክ ነው፤ ዘይቱም እዚያው ባሕር ላይ ወደ መርከብ ይቀዳ ነበር። ማዕበል ሲነሣ መርከቡ ይለቃል፥ ሥራውም ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን በርሜል የሚይዝ የቤቶን ጎተራ ተሠርቶ በ1973 ከባሕሩ ወለል ላይ ተቀመጠ። ቧንቧም በ1975 ወደ እንግሊዝ አገር፥ ለጋዙ ደግሞ በ1977 ወደ ጀርመን ተዘረጋ። ዘይቱ የኖርዌይ ሲሆን ወደ ኖርዌይ ያልተዘረጋው ስፍራውን ከአገሩ ጠረፍ የሚለይ ጥልቅ የባሕር ሸለቆ በመካከል ስላለ ነው።

ይህ ሁሉ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ በገንዘብ ይገዛል። በገንዘብ ብቻ የማይገዛው ሌላው ነው።

በ1968 ፋሩቅ አልቃሲም የተባሉ የባስራ ተወላጅ፥ በለንደን የሥነ ምድር ትምህርት የተማሩ ኢራቃዊ፥ ስለ ልጃቸው ሕክምና ሲሉ ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ ኖርዌይ መጡ። ሥራ ፍለጋም ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሄዱ። በዚያ ያገኟቸው የዘይት ጉዳይ ሠራተኞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኩባንያዎቹ ከየጉድጓዱ የላኩት ማስረጃ ተከምሮ አንባቢ ይጠብቅ ነበርና እኚህ ሰው እንዲመረምሩት ተቀጠሩ። ማስረጃውን አንብበው አገሩ ታላቅ ዘይት በደጁ እንዳለው አስታወቁ። ከዚያም በ1972 መንግሥቱ የዘይት ኩባንያና የዘይት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም፥ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ሹመት ያዙ።

ንባቡ ምን ፋይዳ እንደ ነበረው የኤኮፊስክ ድንጋይ ይመስክር። ዘይቱ ያለው ከባሕሩ ወለል በታች ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፥ መምህሮቻችን በጥቁር ሰሌዳ ከሚጽፉበት ጠመኔ ጋር በሚመሳሰል ነጭ ድንጋይ ውስጥ ነው። ይህ ድንጋይ ዘይት በብዛት ይይዛል፥ ነገር ግን በቀላሉ አይለቅም። ሲጀመር ይወጣል ተብሎ የታሰበው ከመቶ 20 እንኳ አይሞላም ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፥ በተለይም አልቃሲም፥ ውሃ ወደ ድንጋዩ ተገፍቶ ቀሪው ዘይት እንዲወጣ አጥብቀው ጠየቁ። ኩባንያው ወጪውን ፈራ፥ ውሃውም በጠመኔው ውስጥ መሥራቱን ተጠራጠረ። በመጨረሻ ሙከራው ተሳካና በ1987 ውሃው በሰፊው ይገባ ጀመር። ዛሬ ከግማሽ የሚበልጠው ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። በመካከሉ ያለው ልዩነት በዕድል የተገኘ አይደለም፤ ከኩባንያው መሐንዲሶች ጋር እኩል አንብቦ «አይደለም» ለማለት የሚችል የመንግሥት ሠራተኛ ያስገኘው ነው።

ጠመኔው ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። ዘይቱ ሲወጣ ግፊቱ ቀነሰ፥ ድንጋዩ ታመቀ፥ የባሕሩም ወለል ከነመድረኮቹ ወረደ። በ1984 ይህ ሲታወቅ ወለሉ ብዙ ሜትር ሰምጦ ነበር። በ1987 መድረኮቹን 6 ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። በሕይወትም ተከፍሏል፤ መጋቢት 27 ቀን 1980 አሌክሳንደር ኬላንድ የተባለው የሠራተኞች ማደሪያ መድረክ በዚያው አካባቢ ተገልብጦ 123 ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ በአንድ የብረት ማያያዣ ላይ የነበረ ስንጥቅ ነው።

«ኖርዌይ ከዘይቱ በፊትም የተማረች አገር ነበረች» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ አንክድም። ግን ካቢንዳን እንመልከት። በዚያም ባሕሩ ጥልቀት የለውም። ገልፍ የተባለው ኩባንያ በ1966 ዘይት አገኘ፥ በ1968 ማውጣት ጀመረ። አንጎላ ግን በፖርቱጋል እጅ ስለ ነበረች ግብሩ እስከ 1974 አንጎላውያንን ለሚወጋው ጦር ማካሄጃ ረድቷል። አንጎላውያን ማስረጃውን ለራሳቸው ጥቅም የሚያነብ መንግሥት አልነበራቸውም፥ መንግሥቱ የእነርሱ አልነበረምና።

እኛ ዛሬ ባሕር የለንም፤ ጉድጓድ ግን አለን። በኦጋዴን ካሉብ በተባለው ስፍራ ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። ቆፋሪዎቹ ተፈራርቀዋል፥ እያንዳንዱም ጉድጓድ ማስረጃ ትቶ አልፏል። ይህን ማስረጃ የሥነ ምድር ተማሪ ከመመረቁ በፊት በእጁ ሊይዘው፥ ከመምህሩ ጋር ሊከራከርበት ይገባል። ስለዚህ ማኅበራችን ምሥጢርነቱ ያለፈው የጉድጓድ ማስረጃ ግልባጭ በቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍ እናሳስባለን። መምህሮቻችንም ከጎናችን እንዲቆሙ በአክብሮት እንለምናለን። ሐሳቡ ሐሙስ ማታ በምግብ አዳራሹ በሚደረገው ስብሰባ ይቀርባል። ያ ወንድማችንም መጥቶ እንዲቃወመን ጋብዘነዋል።