የጓዳና የአደባባይ ሥርዓት

በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ልጅ ብድግ ብሎ ይስማል፤ እንግዳውም «እደግ» ብሎ ይመርቀዋል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ማንን እንደሚስም፥ ማንን እንደሚጨብጥ፥ ለማን እጅ እንደሚነሣ ከታላላቆቹ አይቶ ይማራል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ይህን በማየት ብቻ መማር ብዙ ጊዜ ያዳግተዋል። በ5 ዓመቱ መንገደኛውን ሁሉ ሲያቅፍ «ጎሽ» ይባላል፤ በ15 ዓመቱ ያንኑ ሲያደርግ ጩኸትና ዱላ ይጠብቀዋል። ሰውነቱ አድጓል፤ ሕጉ እንደ ተለወጠ ግን የነገረው የለም።

እንግዲህ መንገር የወላጅና የመምህር ተግባር ነው። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» የሚለው ብሂላችን ለዚህ ልጅ አያገለግልም፤ «ነውር ነው» ቢሉትም ምን ማድረግ እንደሚገባው አይገለጥለትም። ስለዚህ ቃሉ አጭርና ግልጥ ይሁን፤ ይኸውም «ልብስ የሚወለቀው በሩ ሲዘጋ ነው» እንደ ማለት ነው።

ጓዳ እንግዳ የማይገባበት የቤት ውስጠኛ ክፍል ነው፤ አደባባይ ሰው ሁሉ የሚተያይበት ስፍራ ነው። መኝታ ቤትንና መጸዳጃ ቤትን በአንድ ወገን፥ የትምህርት ክፍልን፥ ታክሲንና ገበያን በሌላው ወገን በሥዕል ለይቶ ማሳየት ይጠቅማል። ሰዎችንም በክብ መስመሮች መለየት ይቻላል፤ በመካከል ልጁ ራሱ፥ ቀጥሎ ወላጆቹ፥ ከዚያ ዘመድ፥ ከዚያ መምህርና ጎረቤት፥ በዳር የማያውቀው ሰው ይሆናል። እናት ትሳማለች፤ መምህር ይጨበጣል፤ ከማይታወቅ ሰው ክንድ የሚዘረጋውን ያህል ርቆ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ይበቃል። አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮል ግሬይ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ እንዳስተዋወቁት፥ ልጁን የሚገጥመውን ነገር በአጭር ታሪክ ጽፎ ደጋግሞ ማንበብም መልካም ዘዴ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የጆይ ማዕከል ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የትምህርት በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት የሠራውን ቤት ካፈረሰው ልጁ ይደናገራል፤ ሕጉ በሁለቱም ስፍራ አንድ ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ሁልጊዜ «እሺ» እንዲል ብቻ የተማረ ልጅ ክፉ አሳቢ ሲመጣበትም «እሺ» ይላል፤ የደረሰበትንም ለመናገር ቃል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሰውነቱን ክፍሎች በስማቸው ይወቅ፤ ስለ ሰውነቱ «ለማንም አትንገር» የሚለውን ሰው ለእናቱ ወይም ለመምህሩ መንገር እንዳለበት ይማር። እኛም ወደ ክፍሉ ስንገባ በሩን እናንኳኳ፤ ስናጥበውና ስናለብሰውም አስቀድመን እንጠይቀው።

አንባቢ ሆይ፥ በእንግድነት በገቡበት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ከመሳም ፊቱን ቢመልስ «ባለጌ» አይበሉት፤ ወላጆቹም አያስገድዱት። እጅዎን ይዘርጉለት፤ ካልጨበጠዎትም በቃል ሰላምታ ይስጡት። በሚወዱት ሰዎች ዘንድ «አይሆንም» ማለቱ የተከበረለት ልጅ፥ በክፉ ሰው ፊት ይህን ቃል ለማውጣት ድፍረት ያገኛል።