ጥቂት መስመር ለብዙ ሕዝብ

በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል ለአንዳንዱ ሰው የምቾት፥ ለሌላው ግን የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። ለዚህም የገዳሪፍ ክፍል ምስክር ሊሆን ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በሐምዳየትና በሉግዲ በኩል ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሻገሩ፥ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ክፍል በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም የባንክ ቅርንጫፎች ሲዘጉና የወረቀት ገንዘብ ሲጠፋ፥ ባንካክ የተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ አገልግሎት በብዙ ከተሞች የኪስ ቦርሳን ቦታ ያዘ። ስለዚህ በዚያ አካባቢ «ገንዘቡ ገብቷልን?» ብላ ስልኳን የምትመለከት እናት የምትጠብቀው የልጆቿን ራት ነው።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በአብዛኛው ሱዳን እንደ ደረሰው ያለ የኢንተርኔት መቋረጥ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ዛሬ የምንናገረው ኢንተርኔቱ ደኅና ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ በጠያቂ ብዛት ስለሚታነቅበት ምክንያት ነው። ይህንም ማወቅ የሚጠቅመው ባለሙያውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን የሚያዝዘውን ሹም ጭምር ነው።

ማናቸውም የገንዘብ፥ የፈተና ውጤት ወይም የምዝገባ ድረ ገጽ ከበስተኋላው አንድ መዝገብ ቤት አለው፤ በባለሙያ ቋንቋ ዳታቤዝ ይባላል። ድረ ገጹ ከመዝገብ ቤቱ ጋራ የሚነጋገረው በመስመር ነው፤ የመስመሩም ቍጥር የተወሰነ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አስተዳዳሪው ካልለወጠው በቀር በአንድ ጊዜ 100 መስመር፥ ማይኤስኪውኤል ደግሞ 151 ይፈቅዳል። ወሰኑም ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጸሓፊ እንደ መመደብ ያለ ሥራ ይሠራል፤ ጸሓፊው ሥራ ቢፈታም እንኳ ወንበርና ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። በጠባብ ክፍል አንድ ሺህ ጸሓፊ ቢታጐር እርስ በርሱ ሲጋፋ ይውላል እንጂ ዶሴ የሚያወጣ አይገኝም። ስለዚህ «ቍጥሩ ይጨመር» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል።

መድኃኒቱ በሒሳብ ይታያል። ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1961 ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፥ በአንድ ጊዜ የሚያዘው መስመር በሴኮንድ የሚመጣው የጠያቂ ቍጥር፥ አንዱ ጠያቂ መስመሩን ይዞ በሚቈይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሴኮንድ 200 ጠያቂ ቢመጣና እያንዳንዱ መስመሩን የሴኮንድ አንድ ሃያኛ ቢይዝ፥ በአማካይ 10 መስመር ይያዛል። እነዚሁ 200 ጠያቂዎች ግማሽ ግማሽ ሴኮንድ ቢይዙ ግን፥ አንድ ሰው እንኳ ሳይጨመር 100 መስመር ይሞላል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ መስመሩን የሚያጠበው ከሰው ብዛት ይልቅ መዘግየት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ አራት ነው። አንደኛ፥ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አዲስ መስመር ከመክፈት ይልቅ ጥቂቶቹን ከፍቶ አኑሮ በውሰት መስጠት ነው፤ ፒጂባውንሰር የተባለው መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፥ መስመር የተዋሰው ፕሮግራም ጉዳዩን እንደ ፈጸመ ወዲያው ይመልስ፤ በተለይም የሌላ ባንክ መልስ እስኪመጣ ድረስ ይዞ አይጠብቅ፤ ስሕተት ቢያገኘውም ሳይመልስ እንዳይቀር ይደረግ። ሦስተኛ፥ ብዙ ሰው የሚጠይቀውና ቶሎ ቶሎ የማይለወጠው ነገር፥ እንደ ፈተና ውጤት ያለው፥ ተገልብጦ በውጭ እንደሚለጠፍ ማስታወቂያ ለብቻው ይቀመጥ፤ ስለ እርሱ መዝገብ ቤት መግባት አያስፈልግም። የሰው ቀሪ ሒሳብ ግን ከዋናው መዝገብ ይታይ። አራተኛ፥ ሰልፉ ወሰን ይኑረው። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መስመር ያላገኘ ሰው «ጥያቄዎ አልተጀመረም፤ ገንዘብዎ በቦታው አለ፤ ጥቂት ቈይተው ይሞክሩ» የሚል ግልጽ ቃል ይነገረው።

ዝምታ ግን ከሁሉ ይከፋል። መልስ ያጣ ሰው ደጋግሞ ይጫናል፤ አንዱ ጥያቄ አምስት ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ የጠበበውን መስመር ራሱ ተጠቃሚው የባሰውን ያጠበዋል። ነገር ግን ልጆቿ የራባቸውን እናት ስለ መቸኰሏ የሚወቅስ ማን ነው? ጥፋቱ መልስ የነፈጋት አገልግሎት ነው።

በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ዶሴ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ የሚያሳድር ሠራተኛ፥ በደጅ የቆመውን ባለጉዳይ ባያየውም ይበድለዋል። ስለዚህ የኮምፒዩተሩ ክፍል መጥቶ «መስመር አልበቃንም፥ በጀት ይጨመርልን» በሚል ጊዜ፥ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት «አንዱ ጠያቂ መስመሩን ስንት ጊዜ ይይዘዋል? የሚመልሰውስ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ተመዝኖ ካልቀረበለት ወረቀቱን ሳይፈርም ይመልሰው።